የጋሽ ያፌት የተዛነፈ ኮት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ገና አልሆነም እንጂ እውነት ነው። «ያልሆነ ነገር ደግሞ እንዴት እውነት ይሆናል?» የሚል የተማረ ሰው አይጠፋም። እኔ እስከዚያ ድረስ ስላልተማርኩ አልከራከረውም፤ ግን የነገዋም ፀሐይ ገና አልወጣችም፣ እሷን ማን ነው ውሸታም የሚላት? አንዲት ነገር ከኪሴ ብጨምር የዛሬ ማታው ሽሮ ይነቀኝ። ሽሮ ሰው አያንቅም የምትሉ ደግሞ ጎረቤቴ የምትሠራውን አልቀመሳችሁም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ከተማው አዲስ አበባ፣ ሰፈሩ ጀሞ ነው። እዚያ ካሉት ያረጁ ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጋሽ ያፌት የሚባል የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ብቻውን ይኖራል። ስሙ ለሽማግሌ አይሆንም የምትሉ ቆዩ። በዚያ ዘመን ሽማግሌና ባልቴት ሁሉ ያፌት፣ ናሆም፣ ኤልዳና፣ ሄራን ነው፤ እድር ላይ ስም ሲጠራ መዋዕለ ሕፃናት የገባህ ይመስልሃል። የዘመኑ ወላጆች ደግሞ ይህን ያረጀ ስም ጠግበውት ልጆቻቸውን ወርቅነህ፣ አንጓች፣ የሻሽወርቅ ይሏቸዋል። ስምም እንደ ልብስ ነው፤ ይወልቃል፣ ሣጥን ይገባል፣ ከዚያ የልጅ ልጅ አራግፎ ይለብሰዋል።

ጋሽ ያፌት በጉልበቱ ዘመን ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የቁልፍ ቀዳዳ ቀዳጅ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኮትና የሸሚዝ ቀዳዳ ሲቀድ ስለኖረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ርቀት በአውራ ጣቱ ይነግርሃል። ይህን ያዙልኝ፤ ሰውየው ቁልፍ መቆለፍ የማያውቅ ሰው አይደለም።

ሚስቱ ወይዘሮ ፌቨን ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ የሰው እጅ አልነካውም። ፀጉሩን የሚቆርጠው ማሽን ነው። የደም ግፊቱን የሚለካው የሚቀመጥበት ወንበር ነው። ዳቦ የምትሰጠው መስኮት ነች። ሰላምታም ቢሆን በዚያ ዘመን ከሩቅ ደረትን ነካ አድርጎ ጎንበስ ማለት ሆኗል፤ መጨባበጥ የባላገር ነገር ነው፣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳምን ደግሞ ልጆች የሚያዩት በታሪክ ትምህርት ነው። ማንም ክፉ አልሆነበትም። ማንም አልነካውም፣ ያ ብቻ ነው።

ስለ ለቃሚዋም አንድ ሁለት ቃል። በየመብራቱ ምሰሶ አናት ላይ የእንቁላል መጠን ያላት ጥቁር ዓይን ተሰክታለች፤ ሕዝቡ «ለቃሚ» ይላታል። የምትለቅመው አለባበስ ነው። ጠዋት መንገድ ላይ ያየችውን እንግዳ ነገር ቦሌ ፎቅ ላይ ላለው ለቤተ ኩል፣ ለትልቁ የልብስ ንድፍ ቤት፣ ትልካለች። ከሰዓት በኋላ ረጃጅም ቆነጃጅት ያንኑ ለብሰው ይንጎራደዳሉ፤ በሦስተኛው ቀን ከተማው ሁሉ ለብሶታል፤ በሦስተኛው ወር ጥሎታል። ከመንገድ ይለቀማል፣ ፎቅ ይወጣል፣ ስም ይወጣለታል፣ ተመልሶ መንገድ ይወርዳል።

የመርካቶ ተሸካሚዎች ትከሻቸው ላይ የሚያነጥፉት የተጣጠፈ ጆንያ የተለቀመው በሁለት ሺህ ስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ያን ዓመት ጆንያ ያላነጠፈች ሙሽራ አልተዳረችም። የሊስትሮዎች ቀለም የነካው ጉልበት ተለቀመ፤ የባንክ ሥራ አስኪያጆች ጉልበታቸውን በብሩሽ እያስነኩ ቢሮ ይገቡ ጀመር። ጎዳና ጠራጊ ሴቶች አቧራውን ፈርተው ፊታቸው ላይ የሚጠመጥሙት ሻሽና ከላዩ የሚደፉት ሰፊ ባርኔጣ የተለቀመ ጊዜማ፣ አንድ የትልቅ ሆቴል ዘበኛ መጥረጊያ ይዛ የመጣችውን ሴትዮ እጅ ነስቶ በፊት ለፊት አሳልፎ፣ የክብር እንግዳዋን «በጓሮ ዙሪ» አላት። የፒያሳ ጎረምሶች ከለቃሚዋ እናመልጣለን ብለው መንገድ በተሻገሩ ቁጥር ጃኬታቸውን ይገለብጡ ነበር። መገልበጡም ተለቀመ።

ወደ ጀሞ እንመለስ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ያፌት የሜክሲኮን ሰልፍ ይሰለፋል። መኪናው ያለ ሾፌር መሄድ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ረዳቱም ቀርቷል። ተራ አስከባሪ ግን አልቀረም። ለምን እንዳልቀረ የሚያውቅ የለም፤ እሱንም ደፍሮ የጠየቀው የለም። ፌርማታ የሚሉት የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ዱላውን ብብቱ ሥር ሽጦ «ወደ ኋላ! ባለ ጆንያው፣ ጠጋ በል! እትዬ፣ ይቺ ቦርሳሽ ሁለት ሰው ናት!» እያለ ይውላል። ጋሽ ያፌት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሜክሲኮ የሚያደርሰው ጉዳይ የለውም። የሚሰለፈው ለሰልፉ ሲል ነው። መኪናው ውስጥ ይገባና በሚቀጥለው ማቆሚያ ወርዶ በእግሩ ይመለሳል።

ከፊቱ ወይም ከኋላው ሁልጊዜ ወይዘሮ ሶልያና ትኖራለች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሜክሲኮ ያለ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ናት። ጡረታ ውጪ ስትባል «የልጆቹን ኮት ማን ሊቆልፍላቸው ነው?» ብላ እምቢ አለች። ልጅ መቆለፍ ማሽን ያልቻለው ሥራ ነው፤ ልጅ ይንቀሳቀሳላ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በአንድ የታኅሣሥ ሰኞ፣ ጋሽ ያፌት እንቅልፍ አጥቶ አድሮ ኖሮ ኮቱን አዛንፎ ቆለፈ። ይህ የመጀመሪያው እውነተኛ ስሕተት ነበር።

«ወይ ጉድ!» አለች ወይዘሮ ሶልያና። «ጋሽ ያፌት፣ ኑ እስቲ ወዲህ።»

«ምን ሆንኩ?»

«ተዛንፈዋላ! እንዲያው ማን ነው ያለበሰዎ? ቀጥ ብለው ይቁሙ። አይወዛወዙ!»

የተቆለፈውን ሁሉ ፈታች፣ አምስቱን ቆለፈች፣ ደረቱን ሁለቴ መታ መታ አደረገችና «በሉ፣ ሄደው ይጫወቱ» አለችው። ከዚያ ያለችው ነገር ገባትና አፏን በእጇ ይዛ ትስቅ ጀመር። ሰልፉም ሳቀ። ፌርማታም ሳቀ። ጋሽ ያፌት ግን ያን ቀን የሚወርድበትን ረስቶ ሜክሲኮ ደረሰ፣ ከሜክሲኮም ጀሞ ድረስ በእግሩ ሲመለስ መንገዱ አልታወቀውም።

ማክሰኞ ልክ ቆልፎ ሄደ። «እንደምን አደሩ» ከሚል በቀር የሆነ ነገር የለም። ሐሙስ አዛነፈ። እጇ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት አበጀለት። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ያዛንፋል። ረቡዕና ዓርብ በትክክል ይቆልፋል፤ ጾም ነዋ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረ። ነውር ነው እንዴ? ሌላው በዚህ ዕድሜው ዕቁብ ይጥላል፣ ካርታ ይጫወታል። እሱ ኮት ያዛንፋል።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን የለቃሚዋ ዓይን ዘግይቶም ቢሆን አረፈበት መሰለኝ፣ የቤቱ በር እንደ ሰው አፉን ከፈተና «እንኳን ደስ አለዎት! ተለቅመዋል!» አለ።

ጋሽ ያፌት ነገሩን ከቁም ነገር አልጣፈውም፤ በሩ ቀደም ሲልም ይቀባጥር ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰልፉ ላይ ሲደርስ ግን ከፊት እስከ ኋላ ያለው ሰው ሁሉ ኮቱ ተዛንፏል። ተማሪው ተዛንፏል። ነርሷ ተዛንፋለች። አንድ ቄስ እንኳ ካባቸውን ወደ ግራ ስበው ቆመዋል። ቤተ ኩል ስሙን «ዝንፍ» ብሎታል።

«ጋሼ!» አለ ፌርማታ። «አንተም ዝንፍ ለበስክ? አይ ጋሼ፣ እርጅናም እንዲህ ዘነጠ?»

«እኔ ነኝ የጀመርኩት!»

«እሱንማ ሁሉም ይላል። ትናንት አንዱ አያቴ ናት የጀመረችው ብሎኛል። ጠጋ በል።»

ወይዘሮ ሶልያና መጣች። ኮቱን አየች። እጇ ከፍ አለና ደረቱ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ የቦርሳዋን ማንገቻ ያዘ።

«ያምራል» አለች።

ጋሽ ያፌት ከስድስት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ያለ ክፉ ቃል አልሰማም።

እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሰኞ ኮሌታውን ወደ ውስጥ አጥፎ ሄደ። «ኮሌታዎ ገብቷል» ብላ በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችለት፤ የጣቷ ጀርባ አንገቱን ነካው፣ ያቺን ንክኪ ይዞ ሳምንቱን ከረመ። በሳምንቱ የከተማው ኮሌታ ሁሉ ገባ። ለካስ አንዴ የተለቀመ ሰው «ምንጭ» ይባላል፤ ሰፈሩ ውስጥ ያሉ ለቃሚዎች ሁሉ እንደ ሱፍ አበባ እሱን እየተከተሉ ይዞራሉ። ከዚያ ከብርድ ልብሱ ላይ ብናኝ ነጭቶ ጆሮው ሥር ፀጉሩ ላይ ሰካ። «ብርድ ልብስዎ ረገፈ እንዴ?» ብላ አነሳችለት። ብናኙን የዜና አንባቢው ፀጉሩ ላይ ሦስት ቦታ ሰክቶ ወጣ፤ ሱቆች በእሽግ ያቀርቡት ጀመር፣ ባለ ብርድ ልብስና ባለ ጋቢ ተብሎም በዓይነት ተለየ። ጫማውን ሳያስር ሄደ። ወይዘሮ ሶልያና ልታስርለት ጎንበስ ስትል ጉልበቷ «ቋ!» አለ፤ ጋሽ ያፌት በሐፍረት ዘሎ «ተዉት! ተዉት! እኔ አስራለሁ!» አላት፣ ቤቱም ገብቶ ማሰሪያ ያለው ጫማ ሁሉ አልጋ ሥር ከተተ። ለቃሚዋ ግን አይታ ነበር። በሳምንቱ ጀሞ ላይ ብቻ አሥራ ሰባት ሰው የገዛ ማሰሪያውን ረግጦ ወደቀ።

ከተማው እንዲህ ሆነ፤ ሁሉም የተዛነፈ፣ ኮሌታው የገባ፣ ብናኝ የሰካ፣ የሚደናቀፍ። ሁሉም ደግሞ ቀብረር ብሏል።

አንድ ማክሰኞ ወይዘሮ ሶልያና ሰልፉ ላይ ፊቷ ጠቁሮ ቆመች።

«ምነው? ደኅና አይደሉም?» አላት።

«ትናንት አንዲት እናት ጮኸችብኝ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጇ ተዛንፎ መጣ፣ እንደ ልማዴ ቆለፍኩለት። 'አትንኪው፣ ንድፍ ነው!' አለችኝ። ዳይሬክተሯም ጠራችኝ። ከእንግዲህ ልጆቹን እንዳመጣጣቸው እንድተዋቸው ተባልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስቆልፍ የኖርኩ፣ አሁን እጄን ኪሴ ከትቼ ሳያቸው እውላለሁ። አንዱማ ትንሹ 'እማማ፣ በረደኝ' ይለኛል፣ ኮቱ ተዛንፎ ሆዱ ወጥቷል፤ እኔ አየዋለሁ፣ እሱ ያየኛል።» ቀና ብላ ሰልፉን አየች። «ይህን ያመጣ ሰው ምን በድዬው ይሆን?»

ጋሽ ያፌት አንድ እርምጃ ቀረባት። የሆነ ነገር ሊል ፈልጎ ሳለ ፌርማታ «ግቡ ግቡ!» አለ፣ መኪናው መጣ፣ ገባች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። በዚያ ዘመን በር አይንኳኳም፤ በሩ ራሱ ይናገራል። ጋሽ ያፌት ደንግጦ ሲከፍት፣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሴት ደረጃውን ወጥታ እያለከለከች ቆማለች። ኮቷ ተዛንፏል፣ ኮሌታዋ ገብቷል፣ ፀጉሯ ላይ አምስት ብናኝ አለ፣ ማሰሪያዋ እየተጎተተ ነው። ራሱን በመስታወት ያየ መሰለው።

«የሻሽወርቅ እባላለሁ። ከቤተ ኩል ነኝ። ነዳፊ ነኝ፤ ማለቴ... የተለቀመውን ነው የምመርጠው። እባክዎ መምጣቴን ለሰው አይንገሩ። ምንጭን ማነጋገር ክልክል ነው፤ ምንጭ ካወቀ ያፍራል፣ ካፈረ ይደርቃል ይላሉ።»

«ግቢ። መጀመሪያ ግን ጫማሽን እሠሪ፤ ደረጃው ላይ ትሞቺብኛለሽ።»

አሰረች። ተቀመጠች። ከዚያ እጇን እያፍተለተለች «አባቴ፣ የዘንድሮው ክረምት በሙሉ የእርስዎ ነው» አለችው። «አራት ስብስብ አውጥተናል፣ አራቱም የእርስዎ ናቸው። የሚቀጥለውን የምመርጠው እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ሁሉ ከየት ነው የሚያመጡት? ሐሳቡ ምንድን ነው?»

ጋሽ ያፌት በመጀመሪያ ሊዋሻት ከጀለ። በሕልሜ ይታየኛል፣ ከአያቴ የወረስኩት ምሥጢር ነው፣ ምናምን ሊላት አፉን ከፈተ። የልጅቷን ፊት ሲያይ ግን ተወው።

«ቁልፉን ከላይኛው ነው የማዛንፈው» አላት። «አይተሻል?»

«አይቻለሁ! ሁላችንም እንዲያ ነው የሠራነው። ለምን ከላይኛው?»

«ከታች ካዛነፍሽ አንዷን ብቻ ፈትቶ ማስተካከል ይቻላል። ከላይ ከተዛነፈ ግን ሁሉንም መፍታት፣ ሁሉንም መቆለፍ ግድ ነው። ቀዳዳ ቀዳጅ ነኝ፣ እኔን አታስተምሪኝም።»

«ማነው የሚፈታው?»

ነገራት። ስለ ሰልፉ፣ ስለ ታኅሣሡ ሰኞ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ጉልበቷ ድምፅ፣ በረደኝ ስላለው ትንሽ ልጅ ሳይቀር ነገራት። የሻሽወርቅ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ እጅጌውም ከኮቷ ጋር ተዛንፎ ዞሮ ነበርና የጠረገችው በጎኑ ነው።

«እኛ እኮ ቦሌ ላይ ስለ ዝንፍ ስድስት ሰዓት ተከራክረናል» አለች። «አንዱ ዓመፅ ነው አለ። አንዷ ሐዘን ነው አለች። አለቃችን 'የእርጅና ነፃነት' ብሎ ጻፈበት።»

«ልጄ፣ እጅ ነው። የሰው እጅ ነው የፈለግኩት፤ ሌላ ምንም የለበትም። አሁን ይቺን ዓይን ከላዬ አንሺልኝ። ሴትዮዋን በደልኳት።»

«ዓይኗ በእኔ እጅ አይደለችም አባቴ። በማንም እጅ አይደለችም። እንግዳ ነገር ካየች ትለቅማለች፣ በቃ።»

«እንግዳ ነገር ካላየችስ?»

«ትክክል ነገር ላይማ አትቆምም።»

«እንግዲያው ነገ ልክ ቆልፌ እሄዳለሁ» አለ ጋሽ ያፌት። «ልክ ቆልፌ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁብዎ እላታለሁ። ከዚያ ታናግረኝም አታናግረኝም እንደ ፈቃዷ ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ተነሣ። ኮቱን በብሩሽ መታ፣ ኮሌታውን ወደ ውጭ አጠፈ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኛ። አምስቱን ቁልፍ በአምስቱ ቀዳዳ ቆለፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀዳዳ ሲቀድ ያሰበው ኮት እንደዚህ ያለ ነው፤ ቀጥ፣ እኩል፣ ያለ አንዲት እጥፋት። እንዲህ ለብሶ ሰልፉ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ።

«ጋሼ» አለ ፌርማታ፣ ዱላውን ከብብቱ አውጥቶ። «ምን ሆንክ? ቤት ሰው የለህም እንዴ? እንዲህ ሆነህ ትወጣለህ?»

ከኋላ አንዲት ተማሪ ሳቋን አፈነች። ሌላው «ተዉት፣ ሽማግሌ ነው» አለ። ጋሽ ያፌት ጆሮው ጋለ። ሁሉም በተዛነፈበት ቦታ ልክ የቆለፈ ሰው እርቃኑን የቆመ ያህል ነው፤ የማያምን ቢኖር ሞክሮ ይየው።

ወይዘሮ ሶልያና መጣች። አየችውና ቆመች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ጫማውን አዟዙሮ ያደረገ ልጅ በሰው ፊት ያየች እናት እንደምትሆነው ሆነች።

«ኧረ ጋሽ ያፌት! ኑ ወዲህ! ምን ሆነው ነው? ሰው እየሳቀብዎ እኮ ነው!»

እጅጌውን ይዛ ከሰልፉ ጎን ወሰደችው። የላይኛውን ቁልፍ ፈታች።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ ይስሙኝ። እኔ—»

«አይወዛወዙ።»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት። ዝንፉን። ልጆቹን እንዳይነኩ ያስከለከለዎ እኔ ነኝ። ቁልፍ መቆለፍ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አውቄ ነው ያዛነፍኩት።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ሁለተኛውን እየፈታች።

«ምኑን?»

«ሠላሳ ዓመት ልጅ ቆልፌያለሁ። ያልቻለ ልጅ መሀል ላይ ይስትና ከዚያ ወዲያ ይተራመሳል። መቆለፍ የሚፈልግ ልጅ ከላይኛው ያዛንፍና የቀረውን በሥርዓት ያስከትላል። እርስዎ የልብስ ፋብሪካ ሰው ነዎት፤ አንዲት ቁልፍ እንኳ ተዘልላ አታውቅም።»

«ካወቁ ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እንዲህ ያለውን ልጅ 'አውቀህ ነው' አይሉትም። ይቆልፉለታል፣ ይሄዳል፣ ነገ ይመጣል።» አምስተኛውን ፈታች። የኮቱን ሁለት ጠርዞች ያዘች። «ከተማው ሁሉ ሲያዛንፍ ግን፣ ለሰው ብሎ ለበሰ እንጂ ለእኔ አይደለም አልኩ። አይፈልገኝም አልኩ። ፋሽን የለበሰ ሰው ላይ እጅ መስደድ ደግሞ ነውር ነው።»

«እኔ የለበስኩት...»

«አሁን ሰማሁ እኮ። ዝም ብለው ይቁሙ።»

የላይኛውን ቁልፍ ይዛ በሁለተኛው ቀዳዳ አስገባች። ሁለተኛውን በሦስተኛው። እንደ ሌላው ሰው እንዲሆን፣ ማንም እንዳይስቅበት፣ በጥንቃቄ አዛነፈችው። ጋሽ ያፌት አገጩን ቀና አድርጎ፣ እንደ ልጅ ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ፌርማታ እንኳ ዱላውን ተደግፎ ያያቸው ጀመር። መኪናው ቆይቶ ነው የመጣው፤ ሁሉም ተዛንፈው አለቁ። ኮሌታውን ወደ ውስጥ አጠፈችለት፣ ከነጠላዋ ጫፍ ብናኝ ነጭታ ጆሮው ሥር ሰካችለት፣ ደረቱንም ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

«አሁን ሰው መሰሉ» አለች።

ከምሰሶው አናት ለቃሚዋ ሁሉን አይታለች። ግን ግራ ገባት። ሥራዋ አንድ ሰው ከልብሱ ጋር መልቀም ነው፤ እዚህ ላይ ኮቱ የት አልቆ እጁ የት እንደሚጀምር ልትለየው አልቻለችም። ሁለት ሰው አንድ ልብስ ለብሶ ያየች መሰላት፣ እንዲያው እንዳለ ላከችው። ቦሌ ላይ ሌሎቹ ነዳፊዎች «ይህ የተበላሸ ምስል ነው» ሲሉ፣ የሻሽወርቅ «እኔ ይህን መርጫለሁ» አለች፣ ምክንያቷን ግን ለማንም አልነገረችም።

በበጋው የወጣው ኮት ቁልፉ ከኋላ ነው። ከማጅራት እስከ ወገብ፣ አምስት። ማንም ለራሱ ሊቆልፈው አይችልም። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ተሳደበ፤ ብቻውን የሚኖር ደግሞ ያን ጊዜ ብዙ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጀርባው ተከፍቶ ከቤት ይወጣል። ፋሽን ነውና ግን ማን ይተወዋል? ጀሞ ላይ ሰልፉ ውስጥ ሰው ጀርባውን ለማያውቀው ሰው እየሰጠ «ይቅርታ፣ ቢቆልፉልኝ?» ማለት ጀመረ። አንድ ሳምንት እንደ ሄደ ፌርማታ ነገሩን ሥርዓት አስያዘው።

«ኋላ ያለህ የፊትህን ቆልፍ! ባለ ጆንያው፣ እጅህን አሙቅና ንካት፣ ብረት አይደለችም! ቄሱን ማን ያዘ? ቄሱ ተከፍተዋል!»

ከሰልፉ ራስ እስከ ጭራ ሁሉም የፊቱን ይቆልፋል። ኋላ የሚቀረውን የመጨረሻውን ሰው ፌርማታ ራሱ፣ ዱላውን ብብቱ ሥር ሽጦ፣ እያጉረመረመ ይቆልፈዋል። ሜክሲኮ ባለው መዋዕለ ሕፃናትም ልጆቹ ጀርባቸው ተከፍቶ ነው የሚመጡት፤ ወይዘሮ ሶልያናን አትንኪ የሚላት የለም። ያቺ የጮኸችባት እናት እንኳ አንድ ጠዋት ልጇን አስረክባ አልሄድ አለች፤ ቆማ ቆማ ዞር አለችና «እማማ፣ እኔንም» አለቻት።

ጋሽ ያፌት አዲሱን ኮት አልገዛም። ጀርባ ሰጥቶ የቆመ የሚቆልፈውን ሰው ፊት አያይማ።

ታሪኩ ይኸው ነው፤ እንዳልኳችሁም እውነት ነው። ጆንያው እውነት ነው፣ ብናኙ እውነት ነው፣ አሥራ ሰባቱም ወድቀዋል፣ ቆጥሬያለሁ። አንዲት ነገር ግን ከኪሴ ጨምሬያለሁ፤ ሽሮው እየጠበቀኝ ስለሆነ ልናዘዝ። ያን ሐሙስ መኪናው ቆይቶ መጣ፣ ቁልፉ ሁሉ አለቀ ያልኩት ውሸት ነው። መኪናው ሦስተኛው ቁልፍ ላይ መጣ። ወይዘሮ ሶልያና «የቀረውን ነገ» ብላ እየሮጠች ገባች። ጋሽ ያፌት ሦስቱ የተዛነፉ፣ ሁለቱ የተከፈቱ ሆነው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ካወለቀው ደግሞ ከመጀመሪያው ሊጀመር ነው ብሎ ሰግቶ ከነኮቱ ተኛ። ጠዋት ከአራተኛው ቀጠለችለት። ሁሉም አለቁ ያልኩት ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ከነኮቱ መተኛቱን ሰምታችሁ እንዳትስቁበት ብዬ ነው።